ጣራው ይሠራል

ባለፈው ዓመት አሮጌ መኪናዬን ለመሸጥ ባወጣሁት ረጅም ማስታወቂያ ውስጥ አንዲት ባለሁለት ቃል ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «ጣራው ይሠራል።» ሌላውን የጻፍኩትን አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። ውሸት ናት ለማለት ያስቸግራል። ማብሪያውን ስጫን ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ማጠፊያዎቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ጣራውም ተሰብስቦ ከኋላ ወንበር ጀርባ ይገባል። ያልጻፍኩት፣ ጣራው ግማሽ መንገድ ሲደርስ አንድ ሰው በቀኝ በኩል ቆሞ በመዳፉ ገፋ ካላደረገው የማይታጠፍ መሆኑን ነው። ያ ሰው ደግሞ ለዓመታት እኔ ስለነበርኩ፣ እጄን ከጣራው ዕቃዎች እንደ አንዱ አድርጌ መቁጠር ጀምሬ ነበር።

መኪናው የ1976 ሞዴል ካዲላክ ኤልዶራዶ ነው፤ ጣራው የሚታጠፈው፣ ኮንቨርተብል የሚባለው ዓይነት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ርዝመቱ ወደ 5 ሜትር ከ70 ሳንቲም ይጠጋል፣ ክብደቱ ከ2 ቶን ያልፋል፣ በሮቹ ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ኮፈኑ ሥር ያለው ሞተር 8.2 ሊትር ሲሆን ከዚያ ሁሉ ብረት የሚወጣው ጉልበት 190 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፤ በዚያ ዘመን የጭስ ቁጥጥሩ ጠብቆ የሞተሮች እመቃ ዝቅ ተደርጎ ነበርና። ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም። ይህ መኪና መቸኮል የማያውቅ መኪና ነው፤ እኔም የወደድኩት በዚሁ ነበር።

ልሸጠው የተገደድኩበት ምክንያት ብዙ የሚያወራ አይደለም። ወደ ሌላ ቤት ልዛወር ነበር፤ በአዲሱ ቤት ያለው የመኪና ማቆሚያ ደግሞ አጭር ነው።

«የመጨረሻው» የተባለው

መኪናውን የገዛሁት ከጎረቤቴ ባለቤት ነው፤ ጎረቤቴ ካረፉ በኋላ። እሳቸው በ1976 አዲስ ሆኖ ሲገዙት ዓላማቸው መንዳት አልነበረም፤ ማስቀመጥ ነበር። ይህን የሚረዳው የዚያን ጊዜውን ሁኔታ የሚያውቅ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ጣራቸው የሚታጠፍ መኪኖችን አንድ በአንድ መሥራት እያቆሙ ነበር። አየር ማቀዝቀዣ በየመኪናው እየተለመደ በመሄዱ ለነፋስ ብሎ ጣራ የሚያስከፍት ሰው አነሰ፤ ሽያጩም ቀነሰ። በዚያ ላይ መንግሥት መኪና ሲገለበጥ ተሳፋሪን የሚጠብቅ ጥብቅ ደንብ አውጥቶ ይህን ዓይነቱን መኪና ጨርሶ ይከለክላል የሚል ፍርሃት ነበር። የተፈራው ክልከላ በኋላ አልመጣም፤ ፍርሃቱ ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር። 1976 ላይ ሲደረስ ከአገሪቱ ትልልቅ ፋብሪካዎች መካከል ይህን መኪና የሚሠራው ካዲላክ ብቻ ቀረ፤ ኩባንያውም የመጨረሻው እንደሆነ አስነገረ።

በዚያ ዓመት የተሠሩት 14,000 ነበሩ። የመጨረሻዎቹ 200 ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆነው፣ የአገሪቱን 200ኛ ዓመት ለማሰብ ቀይና ሰማያዊ መስመር ተደርጎባቸው ወጡ፤ የመጨረሻዋ የመጨረሻ ደግሞ ኤፕሪል 21 ቀን 1976 ዲትሮይት ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። ፋብሪካው ያወጣው ዋጋ 11,000 ዶላር ገደማ ቢሆንም፣ ነገ ወርቅ ይሆናል ብለው ከዚያ በላይ ከፍለው የወሰዱ ብዙ ነበሩ። ጎረቤቴም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ባለቤታቸው እንደነገሩኝ፣ መኪናው በጨርቅ ተሸፍኖ ከግድግዳ ጋር ሲኖር እሳቸው በየጊዜው ጨርቁን ገለጥ እያደረጉ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ያዩበት ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የላሚቱ ነገር ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። ክራይስለር በ1982 ጣራው የሚታጠፍ መኪና ይዞ ብቅ አለ፤ ካዲላክ ራሱም በ1984 ሞዴል የሚታጠፍ ጣራ ያለው ኤልዶራዶ እንደገና ለገበያ አቀረበ። «የመጨረሻው» ተብለን ገዛን ያሉ ባለመኪኖች ኩባንያውን ከሰሱ። እኔ ግን፣ ካዲላክ ቃሉን ጠብቆ ቢሆን ኖሮ እንኳ ነገሩ እምብዛም የሚለወጥ አይመስለኝም። ብርቅ ይሆናል ብሎ ሁሉም ሰው ሸፍኖ ያስቀመጠው ነገር፣ ሁሉም ሰው ሸፍኖ ስላስቀመጠው ብቻ ብርቅ ሳይሆን ይቀራል። ዛሬ የ1976 ኤልዶራዶ የሚፈልግ ሰው ብዙ ሳይደክም ያገኛል፤ ያውም ጥቂት ማይል ብቻ የሄደ።

የእኔ መኪና ጥቂት ማይል ከሄዱት አይደለም። ጎረቤቴ አዲሱ ኤልዶራዶ መውጣቱን የሰሙ ዕለት ከቤት ወጥተው ጨርቁን ገፈፉት፣ ዳግመኛም አላለበሱትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዝናብም በበረዶም ነዱት፤ ሲሚንቶ ጭነውበታል፣ ውሻ ወልዳበታለች። ባለቤታቸው ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤ «መኪና የሆነው ያን ቀን ነው» አሉኝ። ዝገቱ ከየት እንደመጣ የገባኝም ያኔ ነው፤ በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ለብረት ምሕረት የለውም።

ቃላት መምረጥ

ማስታወቂያውን ለመጻፍ የተቀመጥኩት አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። የጀመርኩት በታሪኩ ነበር፤ ከ14,000ዎቹ አንዱ፣ የዘመኑ መዝጊያ፣ ዲትሮይት፣ ሁለት መቶኛው ዓመት። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደሚባለው፣ ስለ መኪናው ስጠየቅ የማወራው ስለ ዘመዶቹ ነበር። የእኔው መኪና ነጭ አይደለም፤ ደማቅ ቀይ ነበረ፣ አሁን ኮፈኑ ላይ ወደ ሮዝ ሄዷል። ከ200ዎቹ ጋር የሚያገናኘው በአንድ ዓመት መወለዱ ብቻ ነው። ቢሆንም ሁለት አንቀጽ ሙሉ ስለ እነርሱ ጻፍኩ።

ወደ ራሱ ወደ መኪናው ስመጣ ቃላቱ እየጠበቡ ሄዱ። «ጥቂት እድሳት ያስፈልገዋል» አልኩ። ጥቂት ማለት ምን ያህል ነው? ከኋላ በኩል በፓራውልቱና በላሜራው መካከል ያሉት የፕላስቲክ መሙያዎች ተፈርፍረዋል። ይህ የእኔ መኪና ብቻ ችግር አይደለም። በዚያ ዘመን ፓራውልት ቀላል ግጭትን ችሎ ወደ ውስጥ እንዲገባና እንዲመለስ ተደርጎ ይሠራ ስለነበር፣ ክፍተቱን የሚሸፍነው ዕቃ ከለስላሳ ፕላስቲክ ተሠራ፤ ያ ፕላስቲክ ፀሐይ ሲበላው ደርቆ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ዛሬ በፋይበር የተሠራ ምትክ ይገኛል፣ ስለዚህ ይህንን «ጥቂት» ማለት ይቻላል እንበል። የዕቃ መጫኛው ወለል ግን በሁለት ቦታ ዝጎ ተበስቷል፤ ምንጣፉ ሲነሣ መሬት ይታያል። አየር ማቀዝቀዣው ከእኔ ጋር በኖረበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አልቀዘቀዘም። የኋላ ወንበሩ ቆዳ በስፌቱ በኩል ተተርትሯል። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲደመር «ጥቂት» የምትለው ቃል ከአቅሟ በላይ ተጭናለች።

ከሁሉ ይልቅ ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ «ይነበባል» የምትለዋ ግስ ናት። የዚያ ዘመን ካዲላክ የማይል ቆጣሪ አምስት አኃዝ ብቻ ስላለው 99,999 ከሞላ በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። የእኔው ላይ ያለው ቁጥር ከ47,000 ትንሽ ያልፋል። አንድ ዙር ዞሮ 147,000 ይሁን ወይስ በእርግጥ 47,000 ጎረቤቴ ብቻ ነበሩ የሚያውቁት። እኔም «47,000 ማይል ይነበባል» ብዬ ጻፍኩ። «ሄዷል» አላልኩም። ይነበባል! ቋንቋችን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ ለሚፈልግ ሰው ምን ያህል ለጋስ እንደሆነ ያስተዋልኩት እዚያ ላይ ነው፤ ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ቢወጣም መጀመሪያ ያሰብኩት በአማርኛ ነበርና። አንድም ቃል ሳልዋሽ አንድም እውነት ያልተናገርኩበት ዓረፍተ ነገር ሠራሁ፣ በሥራዬም ረካሁ።

በመጨረሻ «ጣራው ይሠራል» ብዬ ጨመርኩ፤ ዋጋውንም 9,500 ዶላር ብዬ ዘጋሁ።

ብዙ ሰው ደወለ። ገሚሱ መጨረሻ ዋጋ ብቻ ጠየቀ። አንዱ ከ200ዎቹ መሆኑን ላረጋግጥለት ፈለገና አይደለም ስለው ስልኩን ዘጋብኝ፤ ሁለት አንቀጽ ስለ 200ዎቹ ስጽፍ እንዲህ ያለ ሰው እንደሚመጣ ማወቅ ነበረብኝ። ከሁሉም በኋላ ድምፃቸው የረጋ አንዲት ወይዘሮ ደወሉ። ስለ ሞተሩ አልጠየቁም፣ ስለ ቀለሙም አልጠየቁም።

«ጣራው ይሠራል ብለዋል።»

«አዎ፣ ይሠራል።»

«ሁለቱም ጎኖች እኩል ይሄዳሉ?»

ትንሽ ዝም አልኩ። ከዚያ «ያው... ዕድሜው ነው እንግዲህ» አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ አሉኝ።

እጅዎን ያንሡ

ወይዘሮዋ ስድሳ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም። በእጃቸው ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ አንድ የተጎሳቆለ የማስታወሻ ደብተር ይዘው ነበር። ማግኔቱን በላሜራው ላይ እያንሸራተቱ ዞሩ፤ ከኋላ ጎማው በላይ አንድ ቦታ ማግኔቱ አልያዝ ሲል ቆም ብለው መታ መታ አደረጉት፤ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ እንዳለ እኔ ራሴ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። አንዳችም ነገር ሳይሉ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። እኔ ዝምታው ከብዶኝ ማብራራት ጀመርኩ፤ ለማብራራትም ከሁሉ ነገር መርጬ ጣራውን ያዝኩ።

የተለመደው ዓይነት ጣራ በቀጥታ ወደ ኋላ ሲታጠፍ ክንዶቹ በግራና በቀኝ ስለሚቀመጡ የኋላውን ወንበር ያጠቡታል አልኳቸው። የዚህ ግን ከ1971 ጀምሮ በአዲስ መልክ የተሠራ ስለሆነ ጎኖቹ እንደ መቀስ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ስለዚህ የኋላው ወንበር ሙሉ ስፋቱን ይይዛል። ከወንበሩ ጀርባ አንድ ሞተር አለ፣ ከሞተሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሁለት ኬብሎች ይወጣሉ፣ ኬብሎቹ በየጎኑ ያለውን ማርሽ ያዞራሉ። ጨርሼ ሳበቃ ወይዘሮዋ በትሕትና «እርግጥ ነው» አሉና፣ ሥራቸው የመኪና ወንበርና ጣራ መስፋት እንደነበረ፣ እንዲህ ያለውን ጣራ ፈትተው የገጠሙት ቁጥሩ እንደማይታወስ ነገሩኝ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ነጂው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ሞተሩን አስነሡ፣ ማያያዣዎቹን ፈቱ፣ ማብሪያውንም ተጫኑ። እኔ በቀኝ በኩል ቆሜ ነበር። ለምን እዚያ እንደቆምኩ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም፤ እግሬ በራሱ ጊዜ ወደለመደው ቦታ ወሰደኝ። ጣራው ተነሣ፣ ወደ መሃል መጣ፤ እኔም እያወራሁ፣ ስለ ቆዳው ይሁን ስለ ሌላ ነገር ባላስታውስም እያወራሁ፣ መዳፌን ከማጠፊያው ሥር አስገባሁ።

ድምፁ ቆመ። ጣታቸውን ከማብሪያው ላይ አንሥተው ነበር።

«እጅዎን ያንሡ» አሉኝ።

በእንግሊዝኛ አንተና እርስዎ የሚባል ልዩነት የለም፤ እኔ ግን የሰማሁት በእርስዎ ነው። ቁጣ አልነበረበትም። ይልቅስ ሐኪም በሽተኛውን እየመረመረ «ትንፋሽዎን ይያዙ» እንደሚለው ያለ፣ ከእኔ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ትእዛዝ ነበር። እጄን አነሣሁ፤ የት እንደማደርገው ጠፋኝና ኪሴ ከተትኩት። ማብሪያውን እንደገና ተጫኑ። የግራው ጎን ሄደ፣ የቀኙ ቀረ። ጣራው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ግማሹ ሰማይ ላይ ግማሹ ወንበር ላይ ሆኖ፣ አንድ ነገር ሲንቋቋ ተሰማና ወይዘሮዋ ወዲያው አቆሙት።

ሁለታችንም ወደ ላይ አየን። የሚበልጠውን ጥፋት ያጠፋሁት እዚህ ላይ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ነው።

«ባትሪው ደክሞ ይሆናል» አልኩ።

«ባትሪ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጎን ይደክም ነበር» አሉኝ። «ሞተሩ አንድ ነው፤ ቅድም የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ይህችን ቅጽበት ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደመላለስኳት አላውቅም። የሚገርመኝ መዋሸቴ ብቻ አይደለም። ያን ያህል ውሸት ሳልፈልገው መምጣቱ ነው። እጄን ስሰድ አስቤ አልነበረም፤ ሊታወቅብኝ ሲል ግን ባትሪውን ወነጀልኩ፣ ለዚያም አላሰብኩም። ማስታወቂያውን ስጽፍ በቃላት መካከል ቀዳዳ እየፈለግኩ የተሽሎከሎክኩበት ችሎታ፣ ቅዳሜ ማታ በጽሑፍ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት በአፌ ላይ ዝግጁ ሆኖ ተገኘ። ጣራውን ለዓመታት በእጄ ስደግፈው ስኖርም ለሌላ ሰው ብዬ አላደረግኩትም፤ ለራሴ ነበር። ጎን ለጎን የተቀመጠ እንግዳ ሳይኖር፣ ብቻዬን በምነዳበት እሑድ እንኳ ወጥቼ በቀኝ በኩል እቆም ነበር፤ ጣራው ሲታጠፍም «ይሠራል» እል ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገር አወጣሁት። ቀኙ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደዘገየ፣ የዕቃ መጫኛው ወለል የት የት እንደተበሳ፣ ቆጣሪው ዞሮ ሊሆን እንደሚችል፣ አየር ማቀዝቀዣው እንደማይሠራ፣ ጣራው ሲታጠፍ ላዩን የሚሸፍኑት ሁለቱ ጠንካራ የፕላስቲክ ክዳኖች አንዱ እንደጠፋ። ወይዘሮዋ እየጻፉ አዳመጡ። ስጨርስ ደብተራቸውን ወደ እኔ አዞሩት። ከመምጣታቸው በፊት፣ በስልክ ካወራን በኋላ የጻፉት ገጽ ነበር፦ ጣራ አይሠራም፣ ወለል ዝገት፣ ማቀዝቀዣ የለም፣ ማይል አይታወቅም። ከሥሩ 6,500 ይላል።

«‹ጣራው ይሠራል› ከሚል ሰው ገዝቼ የሠራ ጣራ አላጋጠመኝም» አሉ። «ስለዚህ እንደማይሠራ ቆጥሬ ነው የምመጣው።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለን ለገዢ እንመክራለን። ሻጩ ግን ይህንን ምክር ገዢው ሰምቶ እንደመጣ የሚዘነጋው ለምንድን ነው? ያን ሁሉ ቃል የመረጥኩት ሦስት ሺህ ዶላር ለማዳን ነበር፤ ገና ስልክ ላይ «ያው» ስል ያ ገንዘብ ሄዷል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በገበያ ተበለጥኩ ብዬ በተጽናናሁ ነበር። ያልተጽናናሁት በሚቀጥለው ነገር ነው።

መቼም ደህና ነገርም አለ ብዬ ስለ ፍሬኑ ጠቀስኩላቸው። ያም እውነት ነበር። የፍሬን ዘይት ቱቦዎቹን ሁሉ ቀይሬያለሁ፤ 1976 ላይ ይህ መኪና በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን ያለው ስለሆነ ሥራው ቀላል አልነበረም፣ በገንዘብም በጊዜም ከምንም በላይ የደከምኩበት እሱ ነው። ካርቡራተሩንም አውርጄ በአዲስ ዕቃ ገጥሜዋለሁ። ማስታወቂያው ላይ ሁለቱም በዝርዝር ተጽፈዋል። በደብተራቸው ላይ ግን አንዳቸውም አልነበሩም።

«ስለ ፍሬኑ የጻፍኩትን አላዩትም?» አልኳቸው።

«አይቼዋለሁ» አሉ። «ግን ስለ ጣራው የጻፉት እንደዚያ ከሆነ፣ ስለ ፍሬኑ የጻፉትን ምን ላድርገው?»

በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር የተነካው ገንዘቤ አልነበረም። እነዚያን ቱቦዎች መኪናው ሥር ተኝቼ፣ ፊቴ ላይ ዝገት እየረገፈ፣ አንድ በአንድ የለወጥኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ በንጽሕና የሠራሁት ሥራ ቢቆጠር እሱ ይገባበታል። ያንን ሥራ ያረከሰው ሌላ ሰው ሳይሆን እዚያው ገጽ ላይ፣ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ የተጻፈው የራሴ ቃል ነው። ወይዘሮዋ አልሰደቡኝም፣ ሌባም አላሉኝም። ቃሌ የማይቆጠርበትን ሒሳብ ብቻ አሳዩኝ።

የቀኙ ጎን

ክሪክ አምጥቼ መኪናውን አነሣሁላቸውና በእጅ ባትሪያቸው ራሳቸው አዩ። ቱቦዎቹን፣ ማያያዣዎቹን፣ የጎማውን አካባቢ ሁሉ ተመልክተው ሲነሡ ዋጋውን ወደ 7,100 ከፍ አደረጉት። አልተከራከርኩም። ስድስት መቶው ዶላር ለእኔ ከቀሪው ሁሉ ይበልጥብኝ ነበር፤ በዓይን ታይቶ የተከፈለ ነውና።

ወረቀቱ ላይም ጥቂት ቆየን። እኛ ሊብሬ የምንለው የባለቤትነት ወረቀት ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር 13 ምልክት ብቻ ነው፤ የዛሬው ባለ17 የተጀመረው በ1981 ስለሆነ። ቁጥሩን ከመኪናው ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩት። ቀጥሎ የሽያጭ ውል ጻፉ፤ ማይሉን «አይታወቅም» አሉት፣ ስለ ጣራውም አንድ መስመር ጨመሩ፦ ጣራው በሰው እጅ እየተረዳ ይታጠፋል። ፈረምኩ። እኔ ለዓመታት ያልጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር ሰው ጽፎልኝ ፈረምኩበት።

የቀረው ግማሽ ላይ የቆመውን ጣራ መዝጋት ነበር፤ የጭነት መኪናው ከሰዓት ሊመጣ ነው። ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ሞተር አላቀቁትና እሳቸው በግራ፣ እኔ በቀኝ ቆመን በእጅ አነሣነው። «ከእኔ አይቅደሙ» አሉኝ። ቀደምኩ። እንደገና ወደ ኋላ መለስነውና ዓይን ለዓይን እየተያየን፣ እየቆጠርን፣ በጣም በዝግታ አመጣነው። መስታወቱ ጋር ሲደርስና ማያያዣዎቹ ሲይዙ ሁለታችንም አልቦን ነበር። ሁለት ጎን እኩል መሄድ ምን ማለት እንደሆነ በእጄ ያወቅኩት መኪናው የእኔ መሆኑ ካበቃ በኋላ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ስልኬ ላይ ፎቶ ላኩልኝ። በቀኝ በኩል ያለው ኬብል ጫፍ ነበር፤ ማርሹ ውስጥ የሚገባው አራት ማዕዘን ጫፍ ተልጦ ክብ ሆኗል፤ ስለዚህ ሞተሩ ሲዞር እሱ በባዶው ይንሸራተታል። ርካሽ ዕቃ ነው፣ ቀይሬዋለሁ ይላል መልእክቱ። ሁለተኛው ፎቶ የጣራው አጥንት ነው፤ ቀኙ ማጠፊያ ላይ ብረቱ ወደ ውጭ ጎብጧል። ዕድሜ እንዲህ አያጎብጠውም፣ እዚህ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ የተገፋ ይመስላል ብለው ጽፈዋል። እሱን ለማቃናት ከኬብሉ ይልቅ ብዙ እጥፍ እንደፈጀባቸው ገለጹልኝ፤ ወቀሳ አልጨመሩበትም።

በመልእክቱ መጨረሻ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ያ የጠፋው ክዳን ምናልባት ተገኝቶ ይሆን? አልተገኘም ብዬ ልመልስ ስል፣ ካልተፈቱት ካርቶኖች ኋላ ያለው ነገር ትዝ አለኝ። ወርጄ አየሁ። የግራው ክዳን ነው፤ ከመዛወሬ በፊት የቀለም ጣሳዎች ልደረድርበት አጋድሜው እዚያው ረስቼዋለሁ። ጠረግኩት፣ በካርቶን ጠቀለልኩት፣ አድራሻቸውንም ጻፍኩ። ፖስታ ቤት ከመድረሴ በፊት ግን መንገድ ዳር አቆምኩና ካርቶኑን መልሼ ከፈትኩት፤ አንድ ወረቀት አስገባሁበት። «የውስጠኛው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ተሰንጥቋል» ይላል። «ከላይ አይታይም።»